ሻጋታው ይቆይ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አክስትሽ ደውላ የምትሠሪውን የእንጀራ ምድጃ መቅረጫ የብረት ሻጋታ ኮምቦልቻ ላይ ልታስበይጂ ቀብድ መክፈልሽን ነገረችኝ። የኔ ሆድ፣ ማን ጋገረበትና ነው? ብረት አንዴ ከተቆረጠ ስህተቱም አብሮ ይበየዳል። ሴቶች ሳይጋግሩበት ሻጋታ እንዳታሠሪ።

መጀመሪያ ለየትኛዋ ሴት እንደምትሠሪ ለዪ። የደላንታዋ ኩበት ታነዳለች፤ አመዱ ብዙ ነው፣ ከሥር አየር ካላገኘ ታፍኖ ይጨሳል። የቃሉዋ የማሽላ አገዳ ትማግዳለች፤ አገዳ ቶሎ ስለሚነድ እጇ ከምድጃው አፍ አይለይም። አያትሽ ያንን በነፃ የታደለ ምድጃ አፉን በመጥረቢያ ጀርባ ስትሰብረው የሳቁባት ነበሩ። አገዳው አልገባ ብሏት እንጂ አላበደችም! አፉ ሲሰፋ ነፋስ ገባና እሳቱን ወደ አንድ ጎን አዞረው፤ እንጀራው በአንድ በኩል አረረ፣ በሌላው ነጣ። መጨረሻው ዶሮ ታቀፈበት። ያኔ አንድ ሰው ከጎኗ ቁጭ ብሎ ስትጋግር ቢያያት ኖሮ... እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና አንቺ ሄደሽ ቁጭ በይ። «ወደድሽው ወይ?» አትበይ፤ ወሎ ላይ እንግዳ ያመጣውን ማን ያጣጥላል? «ሸጋ ነው» ትልሽና ስትወጪ ወደ ጉልቻዋ ትመለሳለች። ይልቅ እያት፦ ማሰሻውን የት ታኖራለች? በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷን ይለበልባታል? አክንባሎውን ስትከፍት እንፋሎቱ ወዴት ነው? ሕፃኑስ በየት በኩል ይድኻል?

ምጣድ ሁሉ አንድ ልክ አይደለም። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደሽ የአሥር ምጣድ ስፋት በሜትር ለኪ። ምድጃውን በትልቁ ልክ ሥሪ፣ ለትንሹ ወደ ውስጥ እርከን አውጪለት፤ ክፍተት ከተረፈ ሙቀቱም ጢሱም በዚያ ይሾልካል። ናሙናውን በጭቃና በጭድ አበጂው፣ ለማፍረስ አያሳዝንም። ሙቀት አያያዙ እንደ ሲሚንቶ ባይሆንም ቅርጹን ያሳይሻል።

ከዚያ ያው ሴት፣ ያው ሊጥ፣ ያው ደረቅ እንጨት፤ በጉልቻ ሦስት ጊዜ፣ በምድጃሽ ሦስት ጊዜ ይጋገር። ማገዶውን ሳይነድ መዝኚ፣ የተረፈውንም መዝኚ። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀውን እንዳትተዪ፣ ቀላል አይደለም። ሻጋታው ግን ይቆይ።

በኋላ በሲሚንቶና በፐሚስ፣ በዚያ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ስታስቀርጪ ሰባት ቀን ውሃ አጠጪው፣ ከዚያ በጥላ ይድረቅ። እርጥብ ሳለ እሳት ካየ ውስጡ የቀረው ውሃ ይተንና ይሰነጥቀዋል።

በይ አብሽሪ። ቀብዱን አንመልስም ካሉሽ ተይላቸው፤ ማንም ከማይጋግርበት ሁለት መቶ ምድጃ ይረክሳል። ተንጠልጣይ ሚዛን አጎትሽ ሱቅ አለ፣ በሚመጣ ሰው እሰድልሻለሁ።

እናትሽ