ማሰሪያው የት ገባ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ማዳበሪያ ስርጭት የወጣ ማስታወቂያ ከስልኬ ለአባቴ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰባት መስመር ነው። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ይላል፤ ከላይ የተጠቀሰ ነገር ግን የለም። ስጨርስ አባቴ «እና መቼ ነው የምሄደው?» አሉኝ። ቀኑ ታች፣ ማኅተሙ ሥር ተወሽቋል።

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አንባቢው ትንፋሹን ውጦ ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል። ስልክ ላይ ደግሞ ማን ይጠብቃል? ጣቱ ቀድሞ ያልፈዋል።

ሰምና ወርቅ የጎጃም ኩራት ነው። የዋሸራ ቅኔ ሲፈታ መስማት እኔም እወዳለሁ (ባይገባኝም)። ማስታወቂያ ግን ወርቁን ከላይ ያስቀምጥልን፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ይዞ።

ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ መለጠፉም ይቅርብን። ፊደሉ ሲጎላ ይደበዝዛል፤ በፍለጋም ለማግኘት ያስቸግራል።

የእናንተም ዜና አንዳንዴ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው የሚጀምረው። አትቀየሙኝ፤ አባቴ ናቸው ያሉት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ