ደብዳቤ ለልጄ፦ አቦሉን ብቻ ጠጥታ ተነሳች

ደሴ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት

ልጄ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ብርዱ ገብቷል፣ የጦሳ ተራራም እስከ ረፋድ ጉሙን አይጥልም። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን ሁለት ቃል ሳልናገር «እማዬ፣ በኋላ እደውላለሁ» ትለኛለህ። ወረቀት ላይ አትዘጋብኝም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ሳምንት የአጎትህ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «ይሄን የለጠፈው እሱ አይደል?» አለችኝ። አየሁት። አንድ የጠመጠመ ሰው መስቀልን ሲያንቋሽሽ፤ አርባ ሰከንድ አይሞላም። ከላዩ ላይ ያንተ ጽሑፍ፦ «ደሴ መስጊድ ውስጥ የሚሰበከውን ስሙ!»

ልጄ፣ እጅህ ጆሮህን አይቅደም። የት እንደተባለ ጠይቀሃል? መቼ እንደተባለስ?

አዲስ አበባ ተቀምጠህ የለጠፍከው በሁለተኛው ቀን ሰፈራችን ገባ። የእኛ ጎረምሶች ከቤተ ክርስቲያኑ በር፣ የእነሱ ከመስጊዱ በር ቆመው መተያየት ጀመሩ። ዱላ የያዘም ነበር። ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹን ጨው ስኳር እያልኩ ሱቅ የላክኋቸው ናቸው።

ኮሚቴያችንን ታውቀዋለህ፤ ቅሬዎቹ፣ የሰፈሩ እድሮች፣ ተሰብስበው ያቋቋሙትን። ከሰበካ ጉባኤው፣ ከመስጊዱ ኮሚቴ፣ ጠብ ከሚያስታርቁት ከአበጋሮቹ ሰው አለበት፤ ከሴቶቹ ቅሬ እኔና ሌላ አንዲት ሴት አለንበት። ቅሬያችን መቼም ሞት ሲመጣ እስላም ክርስቲያን አይልም። ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፤ ሥጋው ብቻ ለየብቻ ይታረዳል። ኮሚቴውም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው። የራስህን ቤት ራስህ ትገስጻለህ። መስጊድ ውስጥ ክፉ ነገር ከተነገረ የሚሄዱት የመስጊዱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ እኛ። እኔ ሄጄ ኢማሙን ብናገር ተግሣጽ አይባልም፣ ጠብ ነው። ከውጭ የሚጋበዝ ሰባኪ ከሀገረ ስብከቱ፣ ኡስታዙም ከመጅሊሱ ፈቃድ ካልያዘ ማይክ አይጨብጥም። ሙሉው ሳይሰማ በማንም ላይ አይፈረድም። ፖሊስ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። «ወሎ የፍቅር አገር» የሚለውን መፈክር ተወው፤ እሱን እየጮህን ነው ስንቱን ነገር ያሳለፍነው።

ያንተን ቪዲዮ ሙሉውን ፈልጎ ያገኘው የመስጊዱ ኮሚቴ ልጅ ነው። ደሴ አይደለም። አዳራሹንም ሰውየውንም የሚያውቅ የለም፣ ከተቀረጸም ዓመታት አልፈውታል። የከፋው ግን የተቆረጠው ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነስተው «ይሄ በዚህ ቤት አይነገርም፤ ውረድ» ይሉታል። ሰውየው ወረደ። ይሄን አንተ አላየኸውም፣ ያየልህ ሰውም የለም። እጅህ ጆሮህን ቀደመ።

«ማን ነው የለጠፈው?» ተባለ። የነጠላዬን ጥለት ስቆጥር ዋልኩ። ቤት ገብቼ አልተኛሁም። በማግስቱ «ልጄ ነው» አልኩ። ጸጥ አሉ። ከመስጊዱ በኩል ያሉት ሽማግሌ ብቻ «እታለም ያጠባችው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ይሄን ደጋግሜ ነግሬሃለሁ፣ አሁንም ልንገርህ። አንተን በወለድኩ ሰሞን ተስቦ ጣለኝ። ጡቴ ደረቀ። ጎረቤታችን እታለም ሴት ልጇን በአንድ ጡት፣ አንተን በሌላው አድርጋ አርባ ቀን አጠባችህ። በእነሱ ሃይማኖት ያቺ ልጅ እህትህ ናት፤ ብትፈልጉ እንኳ አትጋቡም።

ያልነገርኩህ ደግሞ አለ። 2011 ላይ ከሌላ ከተማ አንድ ሰባኪ ተጋብዞ መጣ። ድምፁ ጥሩ፣ ቀልደኛ። ስለ ወንጌል ጀምሮ ወደ ጎረቤቶቻችን ዞረ፤ በአሰጋገዳቸው፣ በስማቸው ቀለደ። ጉባኤው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ልጄ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ድምፅ ማጉያው ወደ ውጭ ዞሮ እንደነበር፣ እታለም አጥር ጥግ ልብስ እያሰጣች እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። የሴቶቹን ሳቅ ስትሰማ የእኔን አትለየውም ብለህ ነው?

በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ለቡና መጣች። ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። አቦሉን ጠጣች፣ ስኒውን አፉን ወደ ታች ደፍታ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ተነሳች። ቶናም፣ በረካም ሳትል። በሃያ ዓመት ጉርብትና በረካ ሳትጠጣ የሄደችበት ቀን ያ ብቻ ነው። ይቅር በይኝ አላልኳትም። ያን ቀን አንድ ሰው «ውረድ» ቢል ኖሮ እያልኩ አስባለሁ፤ ያ ሰው ግን እኔ መሆን ነበረብኝ። በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ ጥለን ስንሸሽ የቤታችንን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት። በታኅሣሥ ስንመለስ አንድ ማንኪያ አልጎደለም። ያን ጊዜም አላልኳትም።

አባባ ስለ ቦሩ ሜዳ ሲነግሩን ትተኛ ነበር፤ ትንሽ ነበርክ። በ1870 እዚያ በተደረገው የዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ የወሎ እስላም ተጠመቅ ሲባል ከሁለት ወንድማማች አያቶቻችን አንዱ ተጠመቀ፣ አንዱ ወደ ቃሉ ቆላ ሸሸ። ሐርቡ ያሉት ዘመዶቻችን የእሱ ልጆች ናቸው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው እኮ ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። የጠመጠመውን ሰው ስትሳደብ ማንን እንደምትሳደብ እወቅ።

ቅርብ ያለውንም አትርሳ። በሐምሌ 2010 ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ነደዱ። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ቀብር የወጡ ሰዎች ራሳቸው ተቀባሪ ሆኑ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን የኮሚቴው ወጣት አነበበልን። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ልጄን በዚህ አላጣም። ያነበበውም ልጅ እያየኝ ነበር ያነበበው።

አሁን የምልህን አድርግ። መጀመሪያ አጥፋው። ዝም ብለህ ግን አታጥፋው፤ «ደሴ አይደለም፣ ሳላጣራ ነው የለጠፍኩት፣ ሽማግሌው ያስወረዱበት ክፍል ተቆርጧል» ብለህ ሙሉውን ለጥፍ። ለላክህላቸው ሰዎች በሙሉ ላክ። ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በፊት ይድረስ። የአጎትህን ልጅ አትቆጣት፤ እኔ ነኝ ንገሪኝ ያልኳት።

ለእታለም ደውልላት። ስልኳን ቀይራለች፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤት ናት። ምን ልበላት አትበለኝ፤ የራስህን በል። የእኔን እኔ እላታለሁ። ነገ ቡና አፈላለሁ፤ ቡናውን ዛሬ ለቅሜ አስቀምጫለሁ።

እመብርሃን ትጠብቅህ። እጅህ ጆሮህን አይቅደም፣ ልጄ።

በርበሬና ቆሎ በአጎትህ በኩል ልኬያለሁ። በርበሬው ትንሽ እርጥበት ነክቶታል፤ ወዲያው አስጣው።

እናትህ