የማይነቃነቅ መቀመጫ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆናት። የምንኖረው ደሴ ነው፤ ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት ነው። መጀመሪያ የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቆርጠን አስቀመጥንላት። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እግሩ ተንሸራተተና ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ውሃ መጠጣት ተወች፤ ከመውደቋ ይልቅ አንጀቴን የበላው ይኼ ነው።

ከተማውን ዞሬ የሚሸጥ የሽንት ቤት መቀመጫ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ በያጅ በቱቦላሬ ሠራልን፦ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር፣ አራቱም እግሮቹ ወደ ውጭ ሰፋ ያሉ፣ ጫፋቸው ጎማ የለበሰ፣ ግራና ቀኙ ክንድ ማሳረፊያ ያለው። በደህናው እጇ የምትይዘው ብረትም ግድግዳው ላይ አስቀበርን። አሁን ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ብቻዋን ትነሣለች። ፊቷ ራሱ ተመልሷል።

ከቤት ስንወጣ ግን ያው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በሕዝብ ሕንፃዎች ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መጸዳጃ እንዲኖር አዝዞ ነበር። ባለፈው ወር የገባንበት አዲስ ሕንፃ መጸዳጃው በደረጃ የሚወጣ ነው፤ የሚያዝ ብረትም የለው። በወሎ ከተሞች ፕላን የምታጸድቁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ከማኅተሙ በፊት የመጸዳጃውን ገጽ ግለጡ።

አንዲት አንባቢ፣ ከደሴ