ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ከልጆቻችን እጅ ስለተገኘው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ)

ውድ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። «ትምህርት ቤቱ የሰይጣን መጽሐፍ ያዘ» እየተባለ መወራቱን ሰምቻለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ሥር ስታነብ ተያዘች። ዩኒት ሊደሩ መጽሐፉን ተቀብሎ እሷንም ይዞ ቢሮዬ መጣ። ዘመድ ከውጭ የላከላት የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ሌሎቹ በስልክ ነው የሚያነቡት። ከፍቼ ሁለት ገጽ አነበብኩ፣ ምንም አልገባኝም። ለካ የጃፓን ማንጋ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ እኔ ከመጨረሻው ጀምሬ ኖሯል። ልጅቷ ተቆጥቼም እንኳ ሳቋን መዋጥ አልቻለችም።

ቅዳሜና እሁድን ሳነብ ዋልኩ። የጎደሉትን ቅጾች ከአንድ የቀድሞ ተማሪያችን ተዋስኩ። ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜህ ካርቱን?» አለችኝ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሥዕል ስለተሠራ የሕፃን ነው ማለት አይደለም።

መጽሐፉ «አኩ ኖ ሃና» ይባላል፤ «የክፋት አበቦች» እንደማለት ነው። ደራሲው ሹዞ ኦሺሚ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2009 እስከ 2014 በጃፓን በወርኃዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቶ በ11 ቅጽ አልቋል። ርዕሱ ቦድሌር ከተባለው የፈረንሳይ ገጣሚ የተወሰደ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የካሱጋ፣ የሚወደው መጽሐፍ የቦድሌር ግጥሞች ናቸው። በነገራችን ላይ የግጥሙ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1857 ሲወጣ ፍርድ ቤት ገጣሚውን ቀጥቶ 6 ግጥሞች ከመጽሐፉ እንዲሰረዙ አዝዞ ነበር። ይኸው ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ ቢሮ ደረሰ።

ካሱጋ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የረሳውን መጽሐፍ ሊወስድ ወደ ባዶ ክፍል ይመለሳል። ውስጥ ውስጡን የሚወዳት የክፍሉ ልጅ፣ የሳኤኪ፣ የስፖርት ልብስ ወድቆ ያገኛል። ኮቴ ሲሰማ ደንግጦ ይዞት ይሮጣል። ናካሙራ የምትባል፣ ማንም የማይቀርባት ልጅ አይታዋለች። «ለማንም አልናገርም፤ ግን ከእኔ ጋር ውል ትገባለህ» ትለዋለች። ከዚያ ወዲህ ያዘዘችውን ያደርጋል። ትእዛዙም እየከበደ ይሄዳል። አንድ ሌሊት ክፍላቸው ገብተው ቀለም እየደፉ ያበላሹታል። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ምዕራፍ ነው። ልጁ ተገድዶ ገብቶ ሲወጣ ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ሥዕሉ ደግሞ እውነቴን ነው፣ በጣም ያምራል። እየቆየ ሁለቱ ራሳቸውን ለማጥፋት እስከ መሞከር ይደርሳሉ።

ሰኞ ልጅቷን አስጠርቼ ማንን እንደምትወድ ጠየቅኳት። «ናካሙራን» አለች ሳታመነታ። «እያስፈራራችው እኮ ነው» ስላት «ቲቸር፣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት እኮ» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ባለፈው ዓመት ያጋጠመንን ላውጋችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ክፍሉን አልናገርም። አንድ ልጅ ምሳውን ለወራት ለሌላ ልጅ እየሰጠ ጦሙን ይውል ነበር። ያኛው የዚህን ልጅ የቴሌግራም መልእክት ስክሪንሾት ይዟል። ለማንም እንዳያሳይ ነው ምሳው የሚከፈለው። እናቱ ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ሲመለስ «ልጄ መብላት ጀመረልኝ» ብላ ደስ ይላት ነበር። እኛም አላወቅንም። የደረስንበት ልጁ በሰልፍ ላይ አዙሮት ሲወድቅ ነው። የሚገርመው፣ ሁለቱን ለየብቻ ስናነጋግር ሁለቱም «ጓደኛዬ ነው» አሉ። ማንጋ የሚባል ነገር አንብበው አያውቁም።

ስለዚህ ነገሩን መጽሐፉ አላመጣውም። ግን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ከበድ ይላል፤ ይሄን በግልጽ እናገራለሁ። በግቢያችን ከ9ኛ ክፍል በታች ያሉ ልጆች ይዘውት እንዳይገቡ ወስነናል። የስልክ ደንባችን ያው የቆየው ነው፤ አልደግመውም።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ልጆቻችን የሚቀባበሉት የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ቅጾች ብቻ ነው። ከመሃል በኋላ ታሪኩ ይቀየራል። ካሱጋ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። ቶኪዋ ከምትባል፣ መጽሐፍ ከምትወድ ልጅ ጋር ይግባባል። የሠራውን ሁሉ ራሱ ይነግራታል። ሚስጥሩን የሚይዝበት ሰው አይኖርም። ያ ክፍል ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ጩኸት የለውም። ስለዚህም ይመስለኛል ማንም እዚያ ድረስ ያልዘለቀው።

መጽሐፉን ቤት ካገኛችሁ እባካችሁ አትቅደዱት። አንድ አባት ቀደው ጣሉት፤ ልጁ አሁን በጓደኛው ስልክ ያነባል፣ አባቱን ግን አያናግርም። ከተቻለ ጥቂት ገጽ አንብቡና ናካሙራን እንዴት እንደሚያያት ጠይቁት። ከመለሰ አታቋርጡት። ምሳ ዕቃው ወይም የኪስ ገንዘቡ ከጠፋ፣ ወይም ጃኬቱን በድንገት ለሰው ከሰጠ «የት ጣልከው?» ከማለት በፊት «ማን ጠየቀህ?» በሉት። ልጁ ራሱን መጉዳት ወይም ሞት የሚያነሳ ከሆነ ግን ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ደውሉልኝ፤ ከካውንስለራችን ጋር አብረን ወደ ባለሙያ እንወስደዋለን።

ለተማሪዎቹም በሰልፍ ላይ ተናግሬያለሁ፦ ሚስጥሩን የያዘበት ሰው ያለ ልጅ ቢሮዬ ይምጣ፣ መጀመሪያ አልቆጣም። እስካሁን ሁለት መጥተዋል።

የተያዘው ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እናቷ አርብ መጥተው ይወስዱታል። እስከዚያ ማየት የምትፈልጉ ከ9 ሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፣ ሻይ አለ። ከቀኝ በኩል ነው የሚከፈተው።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ