የመምህራችን የተርብ ናሙና ዳግም እንዳይበላሽ

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች አገራችን ሲገባ የበቆሎው ቅጠል ወንፊት ሆነ። ገበሬው ማልዶ እየወጣ ትሉን በእጁ ይለቅም ነበር። ተመራማሪዎች ከማሳ የሰበሰቡትን ትል ላብራቶሪ ወስደው ሲያሳድጉት፣ ከአንዳንዱ ውስጥ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ተርብ ወጣች። ኮቴሲያ ኢሲፔ ትባላለች። እንቁላሏን ትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድግና ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። ናሙና በተወሰደባቸው ማሳዎች ከትሉ ሲሶውንና ከዚያም በላይ ይዛው ተገኝታለች። ማንም ሳይልካት!

መምህራችን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ነው። ስም የወጣላቸው የተርብ ዝርያዎች ከ100 ሺህ ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹ ሰው አይነኩም። የምትነድፈውም ሴቷ ብቻ ናት፤ መንደፊያው መነሻው እንቁላል መጣያ ነውና።

እሳቸውን በጣም የሚይዛቸው ግን መርዙ ነው። ብራዚል ውስጥ ፖሊቢያ ፓውሊስታ የምትባል ተርብ አለች። በመርዟ ውስጥ ያለ ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) የካንሰር ሴልን ሽፋን እንደሚበሳ ላብራቶሪ ውስጥ ታይቷል። መድኃኒት ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል። የእኛ አገር ተርቦች መርዝስ ምን ይዟል? መምህራችን እንቅልፍ የሚያጡት በዚህ ነው።

ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ተርቧን በብርድ ያደነዝዟታል። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ መንደፊያዋን በቀጭን መቆንጠጫ ሳብ ያደርጋሉ። የመርዝ ከረጢቷ ተከትሎ ይወጣል፤ በዓይን እንኳ በደንብ አይታይም። ለአንድ ምርመራ እንዲህ ያለ ብዙ ከረጢት መጠራቀም አለበት። እስኪበቃ ድረስ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል።

ባለፈው ክረምት መብራት ለሁለት ቀን ጠፋ። የወራት ልፋት ቀለጠ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሲያዩ አንጀቴን በሉት። ምንም አላሉም። በማግስቱ መረባቸውን ይዘው ማሳ ወጡ።

እኛ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለማቀዝቀዣው ትንሽ ጀነሬተር ልንገዛላቸው ተነስተናል። የሚተርፈው ለአልኮል፣ ለብልቃጥና ለማጥመጃ መረብ ይውላል። ያላችሁን ጣል አድርጉ፤ 50 ብርም ብትሆን ብልቃጥ ትገዛለች። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ስትመጡ ጥሩ መቆንጠጫ በሻንጣችሁ ብትይዙልን ትልቅ ውለታ ነው፤ እዚህ እንደልብ አይገኝም። የእያንዳንዱን ግዢ ደረሰኝ ግሩፓችን ላይ እንለጥፋለን። ሰኔ ሳይገባ ጀነሬተሩን ማቆም እንፈልጋለን።