ቤዝ ለምትጫወተው ልጄ

ባሕር ዳር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

አክስትሽ ደወለችልኝ። ከክለብ ስትመለሺ ጆሮሽ እንደሚጮህ፣ ትራስ ጭነሽበት እንደምትተኚ ነገረችኝ። «ለአባዬ እንዳትነግሪው» ብለሻት ነበር አሉ። አክስትሽን እያወቅሻት! ምስጢር ሲነግሯት እኮ መጀመሪያ የምትፈልገው ስልኳን ነው።

ደውዬ ልቆጣሽ አሰብኩና ተውኩት። በስልክ እኔ ግማሹን አልሰማም፤ አንቺ ደግሞ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ወረቀት ይሻላል።

ልጄ፣ ጆሮሽን ጠብቂ።

መጫወትሽን አልከለክልም። ምን አፍ አለኝ? ክራር ላስተምርሽ ብዬ ስጀምር «ይሄ ቀጭን ነው፣ ወፍራሙን ስጠኝ» ብለሽ ቤዝ ጊታሬን የያዝሽው ገና ቁመትሽ ሳይደርስ ነው። ያን ጊዜ እናትሽ አይታኝ ዝም አለች። የእናትሽን ዝምታ ታውቂዋለሽ።

ግን የጆሮ መጮህን እንደ ድካም አትይው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች ያሏቸው ህዋሳት አሉ። ጩኸት ሲበዛባቸው ይዝላሉ። እረፍት ካገኙ ይመለሳሉ። በየሌሊቱ ሲደበደቡ ግን ይሞታሉ፤ የሞተው ደግሞ አይተካም። ሐኪሙ የእኔን የመስማት ውጤት በወረቀት ስሎ አሳይቶኛል። መስመሩ ደህና ሲመጣ ሲመጣ ቆይቶ አራት ሺህ ኸርዝ አካባቢ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ላይ ሲደርስ ገደል ገባ። የቤዝ የመጨረሻዋ ወፍራም ስትሪንግ (ክር)፣ ኢ የምንላት፣ 41 ኸርዝ ገደማ ናት። በእሷ በኩል ሰላም ነኝ። ቤዙን እሰማለሁ። የጠፋብኝ ሌላው ነው።

ለጥምቀት ታቦታቱ ሲወርዱ ከበሮው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል። የዘማሪው እጅ ጸናጽሉን ይዞ ወዲህ ወዲያ ሲል አያለሁ፤ ድምፁ ግን የለም። እናትሽ ከጎኔ ቆማ «እንዴት ደስ ይላል» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ።

የባሰው ቀኙ ጆሮዬ ነው። ምክንያቱን አንቺም መድረክ ላይ ታይዋለሽ። ቤዚስት ከድራመሩ አጠገብ፣ በሃይ-ሃት፣ በእግር በሚከፈቱና በሚዘጉት ጥንድ ሳህኖች በኩል ነው የሚቆመው። የእግሩን ምት ማየት አለበት፤ እግሩና ቤዙ ካልተያያዙ ባንድ የለም። እንግዲህ ፊትሽን ወደ ሰው አዙረሽ ስትቆሚ ሃይ-ሃቱ ያለው በቀኝሽ ነው፣ ከጆሮሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ። የእኛን ድራመር አልወቅስም። ነፍሱን ይማረውና እሱም መጨረሻ ላይ ከንፈር እያየ ነበር የሚያወራው።

እኛ ስንጀምር ስለ ጆሮ የሚያወራ ሰው አልነበረም። በቀበሌ ኪነት ቤዙን ለእኔ የሰጡኝ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው፤ ሁሉም ሊድ ጊታር ይላል። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በካሴት እየሰማን ነው ያጠናነው። ካሴቱ ላይ ቤዙ ስለሚደበዝዝ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ነበር የምሰማው። ሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ደግሞ ክለብ የገባው ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ በመጋረጃ ይሸፈናል፣ እኛ እስኪነጋ እንጫወታለን። ሰው ሲያንቀላፋ ባለቤቱ በጣቱ ወደ ላይ ያሳየናል፤ ጨምሩ ማለቱ ነው። ጠዋት ስወጣ ከሐይቁ ዳር ያሉት ወፎች አይሰሙኝም ነበር። እስከ ቀትር ይመለስልኝ ነበር። አንድ ወቅት ላይ መመለሱን አቆመ፤ መቼ እንደሆነ እንኳ ልብ አላልኩትም።

የታላቅ እህትሽን ሽማግሌዎች ነገር ታስታውሻለሽ አይደል? አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ፣ ሻይ ታመላልሺ ነበር። ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የመጡት። እኔና እናትሽ አስቀድመን ተማክረናል፤ ልጅ አንከለክልም፣ ሰርጉ ግን ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ እህሉም ይድረስ፣ ቤቱም ይለቅለቅ። እንግዲህ ከሽማግሌዎቹ ድምፀ ቀጭኑ፣ ያ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙት፣ በቀኜ ተቀመጡ። ቦታ ቀይሩ ይባላል? አይባልም። እሳቸው ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ፈገግ አሉ፣ ፈገግ አልኩ። ደንቆሮ እንዳልባል ራሴን ነቀነቅኩ። «እንደ አፍዎ ያድርገው» አልኩ ጭምር! ሰዎቹ ተነስተው ጉልበቴን ሊስሙ መጡ። ለካ «በጥር ይሁንልን» ነው ያሉት።

እናትሽ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ስትወጣ ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጥር እኮ ደጅ ላይ ነው። ጌሾ አልተወቀጠ፣ ብቅል አልበቀለ፣ ድንኳኑን ሰው ይዞታል። ከዘመድ ብድር፣ ከእድር ብረት ድስት። እናትሽ በሁለት ወር ውስጥ ከሳች። የሙሽራው ወገን እስከ ዛሬ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ቀጠሮ እንኳ አላራዘመብን» እያለ ያመሰግነኛል። ለሰርጉም ቤዝ የተጫወትኩት እኔው ነኝ፤ ባንድ መቅጠሪያ አልቀረንም ነበር። የልጄን ሰርግ ቁጭ ብዬ ሳላይ፣ ሃይ-ሃቱ ሥር ቆሜ ዋልኩ። ይህ ነገር እናንተን ያስቃችኋል። እኔንም ያስቀኛል፤ ሌሊት ሌሊት ግን አያስቀኝም።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ጆሮሽን ጠብቂ።

ፎም የሚባለውን የጆሮ መሰኪያ ግዢ፤ ርካሽ ነው። ዝም ብለሽ ጫፉን አትወሽቂው፣ እንዲያ ከሆነ ምንም አያደርግ። በጣትሽ እያሽከረከርሽ ቀጭን እስኪሆን ጠቅልይው። በሌላው እጅሽ በራስሽ ላይ አሻግረሽ ጆሮሽን ወደ ላይ ሳቢው፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ያኔ አስገቢና እስኪያብጥ በጣትሽ ያዥው። የራስሽ ድምፅ ከውስጥ ሲጎላብሽ ገብቷል ማለት ነው። ገንዘብ ስታገኚ ለሙዚቀኛ የተሠራውን ባለ ፊልተሩን ትገዣለሽ፤ እሱ ሁሉንም እኩል ስለሚቀንስ ሙዚቃው አይታፈንም። ሶፍት ጠቅልሎ መወተፍ ግን ራስን ማታለል ነው።

ስልክሽ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ ጫኚ። ልክክ ያለ ባይሆንም ይጠቁምሻል። 85 ዴሲቤል ላይ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አለመቆየት ነው የሚመከረው። ሦስት በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት። አንቺ ስንት ሰዓት ነው የምትቆሚው? ሂሳብ ጎበዝ ነበርሽ፣ አስቢው።

ደግሞ ባለ አምስት ስትሪንግ ቤዝና ትልቅ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ልትገዢ ነው አሉ። ተይ። ድምፃዊው በየቀኑ ኪ፣ የዘፈኑን መነሻ ድምፅ፣ የሚያወርድ ከሆነ አምስተኛዋ ስትሪንግ ታግዛለች፣ አልክድም። ግን ያቺ ቢ 31 ኸርዝ ገደማ ናት። የክለቡ ስፒከር በደንብ አያወጣትም፤ ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል እንጂ ኖታው አይለይም። አንቺ ደግሞ አልሰማ ሲልሽ ትጨምሪያለሽ። አንቺ ስትጨምሪ ጊታሩ ይጨምራል። ጊታሩ ሲጨምር ኪቦርዱ «እኔስ?» ይላል። ድራመሩማ መጀመሪያውንም ማንንም አልጠበቀም።

የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ በፈረንጅ 1951 ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት መጣ። ለፐብ ግን አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን ይበቃል። የሚነካካ ቁልፍ ሲበዛ ሰው ዘፈኑን ትቶ ቁልፍ ያሳድዳል። እኔ አሁን አጭሩን ቤዝ ነው የምይዘው፣ ስትሪንጉ 30 ኢንች የሚረዝመውን። ረጅሙ 34 ነው፤ የግራ አውራ ጣቴ አልችል አለው። ስትሪንጉም ፍላት፣ ላዩ ልሙጥ የሆነው ነው። ጣት አይፍቅም፣ አይንጫጫም፣ ዓመታት ይቆያል። ወጣቶቹ «የአባዬ ሳውንድ» ይሉታል። ቺክቺካ ላይ ሲገባ ዝም ይላሉ።

አምፑን መሬት ላይ አታስቀምጪው። ይህን ስሚኝ፣ ትልቁ ነገር ይህ ነው። መሬት ላይ ሲሆን ድምፁን የሚሰማው ባትሽ ነው፤ ጆሮሽ ከላይ ሆኖ «ቤዙ የታለ?» ይላል፣ እጅሽ ወደ ቮልዩም ይሄዳል። ፊት ያሉት ደንበኞች ግን ከጠረጴዛቸው ጋር እየተንቀጠቀጡ ነው። ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አውጪው፣ ወደ ፊትሽ ትንሽ አዘንብይው። ሳትጨምሪ ትሰሚዋለሽ። እኔ ድሮ አናጢ የሠራልኝ ባለ 15 ኢንች ሁለት ስፒከር ሳጥን ነበረኝ። ለዘጌ ሰርግ ጀልባ ላይ ሲጭኑት ባለ ጀልባው «ይሄ ከገባ ሚዜዎቹ ይቀራሉ» አለ። አሁን ባጃጅ የማይችለውን እቃ አልገዛም። አምፑ እግሬ ሥር፣ ቤዙ ጭኔ መሃል፣ አንገቱ በጎን ወጣ ብሎ እንሄዳለን።

የፐቡ ኑሮ ያው ነው። ጊዜው እንደምታውቂው ስለሆነ በጊዜ ጀምረን በጊዜ እንገባለን። ባለቤቱ ሰው ሲገባ «ጨምሩት» ይላል፣ ሰው ሲወጣ «ምነው አልጨመራችሁም» ይላል። ሽልማቱ ድምፃዊው ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ ቤዚስት ግንባር ላይ ያለው ላብ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ሰው መጥቶ «ጋሼ፣ ዛሬ ቤዙ ነፍስ ነበረው» ይለኛል። በግራ በኩል ከመጣ እሰማዋለሁ።

እንግዲህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ። የመስማት ምርመራ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፣ «ጆሮ አሳከከኝ» ብለሽ ጠብታ ተቀብለሽ እንዳትመጪ። ውጤቱን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። የካርዱን ገንዘብ በእህትሽ ስም አስገብቻለሁ፣ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። ጩኸቱ ጠዋትም ካለቀቀሽ እስክትታከሚ ድረስ ሥራ ቅሪ። ከተቆጡ ይቆጡ። ሌላ ባንድ ይገኛል፤ ቤዚስት ሁልጊዜ ይፈለጋል፣ ሁሉም ሊድ ጊታር ነው የሚፈልገው ብዬሻለሁ። አንቺ ብቻ ጆሮሽን ጠብቂ።

እናትሽ ሽሮና በርበሬ ልካልሻለች፤ በርበሬው በሰማያዊው ፌስታል ነው፣ ከአክስትሽ ጋር ተካፈዪ። ከሥሩ የተጠቀለለው አዲስ ፍላት ስትሪንግ ነው፣ ለአሁኑ ቤዝሽ። ስትቀይሪ አራቱንም በአንዴ አታውልቂ፤ አንዷን አውልቀሽ አንዷን ስቀዪ። ትርፉን ከመቁረጥሽ በፊት መጀመሪያ ጫፉን አጥፈሽ፣ ከእጥፉ ወዲያ ቁረጪ፤ አለበለዚያ ጥቅሉ ይፈታል። የወፍራሟ ስትሪንግ ጫፍ አጭር ሊመስልሽ ይችላል፣ ይበቃል፣ ለክቼዋለሁ።

አባትሽ