የቅዳሜ ጉብኝት፦ የጀበል አሊ ጉርድዋራ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት (ስልካችሁ ላይ 9) ዱባይ፣ ጀበል አሊ በሚገኘው የሲኮች (በሕንድ የተጀመረው የሲክ እምነት ተከታዮች) ጸሎት ቤት ወይም ጉርድዋራ፣ ጉሩ ናናክ ደርባር በር ላይ እንገናኝ። ነጠላ ወይም ሻሽ ያዙ፤ ወንዶችም ራስ መሸፈን አለባችሁ። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ሲጋራ በኪሳችሁ እንኳ እንዳይኖር፣ አደራ።

አንድ ነገር ቀድመን እንወቅ። ጥምጥም ያሰረ ሲክ ሁሉ ኻልሳ አይደለም። ኻልሳ፣ ትርጉሙ «ንጹሕ»፣ የሲኮች አሥረኛ መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 (በአውሮፓውያን) ሕንድ ውስጥ በአናንድፑር የመሠረቱት የቃል ኪዳን ማኅበር ነው። ውሃና ስኳር በብረት ሳህን፣ በሁለት አፍ ሰይፍ እየተማሰለ አምስት አባላት ይጸልዩበታል፤ ወደ ማኅበሩ የሚገባው ሰው ይጠጣዋል። ከዚያ ወዲያ ፀጉሩን አይቆርጥም፤ ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ኪርፓን የሚባለው ጩቤና አጭር የውስጥ ሱሪ ከገላው አይለዩም። ፀጉር መቁረጥ፣ በሙስሊም ሥርዓት የታረደ ሥጋ መብላት፣ ማመንዘር ወይም ትምባሆ መጠቀም ቃል ኪዳኑን ያፈርሳል፤ ያፈረሰ በአምስቱ ፊት ተናዞ ሥርዓቱን እንደገና ይፈጽማል። ስለዚህ የማንንም ኪርፓን በእጅ አትንኩ።

የሚታደለውን ጣፋጭ ተቀምጣችሁ፣ ሁለት እጃችሁን ገጥማችሁ ተቀበሉ። ምሳው በነጻ ነው፣ ሥጋ የለውም፤ ትንሽ ትንሽ አስጨምሩ እንጂ ምግብ አታስተርፉ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁን እዚሁ ጻፉ፤ መኪና ያላችሁ የስንት ሰው ቦታ እንዳላችሁ ጨምሩበት።